ቻዪው አልናት

ይህን ጽሑፍ በኑዛዜ እንጀምረው። እህታችን የታመመች ጊዜ የመጀመሪያውን የተሳሳተ መድኃኒት ያዘዝንላት እኛ ነን። መድኃኒቱ «ቻዪው» ይባላል። ያለ ሐኪም ማዘዣ ይገኛል። ዋጋ የለውም። እናት ለልጇ፣ ባል ለሚስቱ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ በነጻ ያድለዋል። ያረገዘች ሴት ደግሞ ጠዋት፣ ቀንና ማታ ትውጠዋለች፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ።

«እኛ» ስንል ሦስት ነን፤ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት። የመርሳ ልጆች ነን። ያኔ ሁለታችን አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነበርን፤ ሦስተኛዋ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር። የሁላችንም ታላቅ የሆነችው አራተኛዋ እዚያው መርሳ አግብታ፣ ወልዳ የቀረችው ናት። «እታለም» እንላታለን። ስሟን እኛም አንጠራም፤ እናንተም በዚሁ እወቋት።

መርሳን ለማታውቁ ትንሽ እንንገራችሁ። ከደሴ ተነስታችሁ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ውጫሌን ወርዳችሁ፣ ውርጌሳን አልፋችሁ፣ ወልድያ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራችሁ ፓፓያና ማንጎ ይዘው አውቶብሱን የሚከቡ ልጆች ካያችሁ፣ መርሳ ናችሁ። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በመስኮት ነው፤ ፓፓያውን ይገዛል፣ ይሄዳል። እኛ ግን ዛሬ ከአውቶብሱ እናወርዳችኋለን።

ሁሉም ሐኪም የሆነበት ቅዳሜ

ግንቦት 2011 ዓ.ም ነው። ረመዳን ነው። ግንቦት ላይ መርሳ እንዴት እንደምትግል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከቀትር በኋላ ውሻ እንኳ ጥላ ይዞ ከዚያ አይነሳም። እታለም ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። እኛ ጥቂት ቀን አብረን እንድናፈጥር ተጠራርተን ቤት ገብተናል።

እሷ ትጾማለች። አባታችን «ሃይማኖቱ ራሱ ፈቅዶልሻል፤ ያረገዘች ሴት ካስቸገራት ታፈጥራለች፣ ኋላ ቀዷውን ታወጣለች» ብሏት ነበር። የእሷ መልስ ግን ዝግጁ ነበር። «አባ፣ ኋላ ማለት እኮ ጡት እያጠባሁ ማለት ነው። ያኔ ይበልጥ ይከብደኛል። አሁን ከሰው ጋር ይሻለኛል።» አባታችን ዝም አለ። እኛም «ጠንካራ ናት» ብለን በልባችን አጨበጨብን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ የጥቂት ቀን ጾም ጠጠር አይሠራም። ጠጠር ለመሠራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ነገር ግን ሙቀትና የውሃ ጥም ሽንትን ያወፍራሉ፤ ወፍራም ሽንት ደግሞ ለጠጠርም ለኢንፌክሽንም አይበጅም። ይህን ያኔ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

ሕመሙ የጀመራት ሐሙስ ነው። እኛ ነገሬ ያልነው ቅዳሜ ነው። ከቀኝ ጎድኗ ሥር፣ ከጀርባዋ ይነሳና ወደ ብሽሽቷ ይወርዳል። ሲመጣባት መቀመጥ አትችልም፣ መተኛትም አትችልም፤ ግድግዳ ይዛ ትንጎራደዳለች፣ ያስመልሳታል። ሲለቃት ፊቷን ታጥባ ወደ ሊጧ ትመለሳለች።

ቤቱ በአንድ ጊዜ በሐኪም ተሞላ። እናታችን «ብርድ ነው፤ ወገቧን አልብሷት» አለች። (ግንቦት ላይ፣ መርሳ ውስጥ፣ ብርድ!) የአጥራችን ተጎራባች የሆኑት እትዬ መጥተው ሆዷን ዳበሱና «አጉል ምጥ ነው፤ ማርያም ትቅረብሽ» አሉ። አያታችን «ዱዓ ይደረግላት» ብለው ተነሱ። የወሎ ቤት ነውና ማርያምም ተጠራች፣ ዱዓውም ተደረገ፤ ማንም ማንንም «ምን ልትል ነው?» አላለም። እኛ የተማርነው ደግሞ «ጨጓራ ነው፤ ትናንት ማታ ሳምቡሳውን አብዝታዋለች» አልን። አዲስ አበባ ብንሆን ኖሮ «ቢራ ይጠጣበት» የሚል አይጠፋም ነበር።

ባሏ ብቻ «ኩላሊቷን ነው» አለ። ልክ ነበር። ግን አውቆ አልነበረም። በእኛ አገር ከትከሻ በታች፣ ከዳሌ በላይ ያለው ሁሉ ኩላሊት ነው። ማሳ ላይ የዋለ ገበሬ «ኩላሊቴን» ይላል፣ ሽንት ያቃጠለው «ኩላሊቴን» ይላል፣ ወንበሩ ያልተመቸው የቢሮ ሠራተኛም «ኩላሊቴን» ይላል። ሁሉም ኩላሊቱን ስለሚያመው፣ እውነት ኩላሊቱን ያመመው ሰው ሲመጣ የሚሰማው የለም።

እና ምን አልናት? «ሁለተኛሽ አይደል እንዴ? ታውቂው የለ። ትንሽ ነው የቀረሽ፤ ቻዪው።»

መርፌዋ

ወደ አመሻሽ ላይ ሕመሙ ባሰ። ከሦስታችን አንዳችን (ማን እንደሆነ አንናገርም፤ ጥፋቱን ተካፍለነዋል) ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ሮጠ። «የኩላሊት ሕመም የሚያስታግስ መርፌ አለ?» አለ። አለ። ዲክሎፍናክ። ለማን እንደሆነ አልተጠየቀም፤ እሱም «ነፍሰ ጡር ናት» አላለም። መርፌ መውጋት የሚችል የሰፈር ሰው ተፈለገ፤ ተገኘ። ሰውየው ሆዷን አይቷል። የተነገረው ግን ስለ ወገቧ ነው። ወግቶ ሄደ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሕመሙ ተወት አደረጋት። በተምር አፈጠረች፣ ሾርባ ቀመሰች፣ ጎኗን አስደግፋ ተኛች። እናታችን «አላልኳችሁም? ብርድ ነው» አለች። ሳቅን። በዚያች ምሽት እንደኛ ያለ ቤተሰብ የለም አልን።

ስለዚያች መርፌ በኋላ የተማርነውን አሁኑኑ እንንገራችሁ። ዲክሎፍናክ ለሌላ ሰው የጠጠር ሕመም ሐኪሞች ራሳቸው ከሚመርጧቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ለነፍሰ ጡር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በተለይ እርግዝናው ከገፋ በኋላ። ከፅንሱ ልብ አጠገብ እስኪወለድ ድረስ ክፍት ሆና መቆየት ያለባት የደም መተላለፊያ አለች፤ ይህ መድኃኒት ያለ ጊዜዋ ሊያጠባት ይችላል። የፅንሱን የኩላሊት ሥራ ሊቀንስና የእንሽርቱን ውሃ ሊያሳንስም ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በጥቅምት 2013 ዓ.ም ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ዲክሎፍናክና መሰሎቹ ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት ጀምሮ ሐኪም የተለየ ምክንያት ኖሮት ካላዘዘ በቀር እንዳይወሰዱ መክሯል። እርግዝናው 30ኛ ሳምንት አካባቢ ሲደርስ መወሰድ እንደሌለባቸው ግን ከዚያ በፊትም የታወቀ ነበር። በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ የማይጠፋው ኢቡፕሮፌንም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ፓራሲታሞል ግን ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ ለነፍሰ ጡር የሚመረጠውም እሱ ነው።

እህታችን የወሰደችው አንድ መርፌ ነው፤ በፅንሱ ላይ የታየ ጉዳት አልነበረም። መርፌዋ ያደረገችው ሌላ ጉዳት ግን አለ። ዝም አሰኘችን። ሕመሙ ሲጠፋ በሽታው የጠፋ መሰለን። አንድ ሌሊት ከሰረን።

ብርዱ መጣ

ለስሁር ስንነሳ እታለም ተጠቅልላ አገኘናት። «ብርድ ልብስ ጨምሩልኝ» አለች። በዚያ ሙቀት። ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ግንባሯ ግን እንደ ምጣድ ይፋጃል። እናታችን ቀኑን ሙሉ ስትለው የዋለችው ብርድ መጣ፤ ግን እሷ ያሰበችው ዓይነት አልነበረም።

ከእኛ ቤት ሦስት አጥር አልፎ አንዲት አዋላጅ ነርስ ትኖራለች። ነጠላዋን ጣል አድርጋ መጣች። ስትገባ አላዘነችም፣ አላጽናናችም። አራት ጥያቄ ጠየቀች።

«ስንት ሳምንትሽ ነው? ትኩሳቱ መቼ ጀመረሽ? ልጁ ይንቀሳቀሳል? ምን ወሰድሽ?»

አራተኛው ጥያቄ ላይ መሬት መሬት አየን። ነርሷ ግን አልተቆጣችም፤ ለቁጣ ጊዜ አልነበራትም። «ትኩሳት ባይኖር እስኪነጋ እንጠብቅ እላችሁ ነበር። ሕመምና ትኩሳት አንድ ላይ ከመጡ አንጠብቅም» አለችና ስልኳን አወጣች። የወረዳው አምቡላንስ መጣ። አያታችን ደጃፍ ላይ ቆመው ዱዓ አደረጉ፣ እትዬ በአጥሩ በኩል አማተቡ፤ እኛም ሲሪንቃን በጨለማ አልፈን ወልድያ ገባን። ያቺን 30 ኪሎ ሜትር ስንት ጊዜ በሚኒባስ ሄደንባታል! እንደዚያን ሌሊት ረዝማ አታውቅም።

ሐኪሙ የነገረን

ሽንቷ ተመረመረ፤ ደምና የኢንፌክሽን ምልክት ተገኘበት። በአልትራሳውንድ ስትታይ ቀኝ ኩላሊቷ አብጧል። የፅንሱ ልብ ትርታ ግን ጥሩ ነበር። (ያን «ዱብ ዱብ» ስንሰማ ሁለታችን ወንዶቹ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረናል። ይህም ኑዛዜ ነው።)

ወጣቱ ሐኪም በትዕግሥት አስረዳን። የኩላሊት ጠጠር ሽንት ውስጥ ካሉ ጨዋማ ነገሮች ተጠራቅሞ የሚጠጥር ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም አለበት። ኩላሊት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ላይሰማ ይችላል። ጉዱ የሚፈላው ከኩላሊት ወደ ፊኛ ወደምትወርደው ቀጭን ቱቦ ሲገባ ነው። ቱቦው ሲዘጋ ሽንት ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ ኩላሊት ይወጠራል። ያ ሰውን ግድግዳ የሚያስይዘው ሕመም ይህ ነው። በሽተኛው አንድ ቦታ አይረጋም፤ ይገለባበጣል፣ ይነሳል፣ ይቀመጣል።

እርግዝና እዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። የእርግዝና ሆርሞን ቱቦውን ያላላዋል፤ እየከበደ የሚሄደው ማህፀን ደግሞ ቱቦውን ይጫነዋል፣ በቀኝ በኩል ይበልጥ። ስለዚህ ምንም ጠጠር የሌለባት ነፍሰ ጡር ኩላሊትም በአልትራሳውንድ ትንሽ አብጦ ሊታይ ይችላል። ሐኪሙን የሚያስቸግረው ይህ ነው። ሌላውን ሰው በሲቲ ስካን ቶሎ ይለዩታል፤ ነፍሰ ጡርን ግን ለፅንሱ ሲባል በተቻለ መጠን ከጨረር ያርቋታል። በዚህ ላይ ሕመሙ ምጥን ይመስላል፣ ትርፍ አንጀትን ይመስላል፣ የእንግዴ ልጅ መላቀቅንም ሊመስል ይችላል። እትዬ ሆዷን ዳብሰው «አጉል ምጥ» ማለታቸው ለካ ያን ያህል አያስቅም ነበር፤ የሚሳሳተው እሳቸው ብቻ አይደሉም።

«ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል?» አልነው። ጥናቶቹ እንደየአገሩ ይለያያሉ፤ ከ200 እርግዝና በአንዱ የሚሉ አሉ፣ ከ1500 በአንዱ የሚሉም አሉ። ከታመሙት ከ10 ስምንት ዘጠኙ ሕመሙ የሚነሳባቸው ከአራተኛው ወር ወዲህ ነው። ብርቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ነፍሰ ጡሮችን ከወሊድ ጋር ባልተያያዘ የሆድ ሕመም ሆስፒታል ከሚያስተኙ ምክንያቶች ከፊት የሚሰለፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀስ ብሎ ነገረን። አብዛኛው ጠጠር ውሃ በመጠጣት፣ ሕመሙን ተገቢ በሆነ መድኃኒት በማስታገስና በመጠበቅ ራሱ ይወጣል። አደጋው የተዘጋ ቱቦና ኢንፌክሽን ሲገናኙ ነው። ያኔ ከጠጠሩ ጀርባ የታቆረው ሽንት መግል ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ደም ይገባል። ሴትየዋ በሰዓታት ውስጥ ልትወድቅ ትችላለች። ማህፀኑም በሕመሙና በኢንፌክሽኑ ተቀስቅሶ ያለ ጊዜው ምጥ ሊጀምር ይችላል። እንዲህ ሲሆን አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃም፤ በቱቦው ውስጥ ቀጭን ማስተላለፊያ በማስገባት ወይም በጀርባ በኩል ኩላሊቱን በመብሳት የታቆረው መፍሰስ አለበት። ጠጠርን በድምፅ ሞገድ የሚሰባብረው ማሽን ደግሞ ለነፍሰ ጡር የተከለከለ ነው።

አገራችን ውስጥ እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች መካከል ደም መፍሰስ፣ የደም ግፊትና ኢንፌክሽን በየዝርዝሩ አሉ። «የኩላሊት ጠጠር» የሚል ስም እዚያ ዝርዝር ላይ አታገኙም። ከገባ የሚገባው «ኢንፌክሽን» በሚለው በር ነው። በ2008 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 ሕፃናት ልደት 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። ከእነዚያ ውስጥ ስንቶቹ መጀመሪያ «ወገቤን» ብለው ይሆን?

ኪሳችን ውስጥ ያለች ወረቀት

ደም ሥሯ ላይ ጉሉኮስና አንቲባዮቲክ ተተከለላት። የሚያስታግሳት መድኃኒት ተለክቶ ተሰጣት። ምጥ ከመጣ የልጁ ሳንባ እንዲጠነክር የሚረዳ መርፌም ተወጋች። ሐኪሙ ወደ ደሴ የሚያስተላልፍ ወረቀት ጽፎ ሰጠንና «እስከ ማታ ትኩሳቱ ካልወረደ ወይም ሽንቷ ካነሰ ትሄዳላችሁ» አለን።

ወረቀቷን ኪስ ውስጥ ከተን ስናስበው አንድ ነገር ገባን። ከወልድያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ደግሞ በመርሳ ነው! በሌሊት የመጣንባትን 30 ኪሎ ሜትር መልሰን፣ በገዛ ቤታችን ደጃፍ አልፈን፣ ከዚያ 90 ኪሎ ሜትር ልንወጣ ነው። እናታችንም ይህን አስልታለች። ኋላ እንደሰማነው፣ ያን ቀን ከቀትር ጀምሮ ዋናው መንገድ ዳር የፓፓያ ሻጮቹ መካከል ቁጭ ብላ በሚያልፈው አምቡላንስ ሁሉ ትነሳ ነበር። ስልክ ደውለን «ተሽሏታል» ስንላት እንኳ አልተነሳችም። ሐሙስም ተሽሏት ነበርና።

ትኩሳቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ መውረድ ጀመረ። ወረቀቷ ኪሳችን ውስጥ ቀረች። በሦስተኛው ቀን፣ ሽንቷን በጎዝ እያጠለለች ሳለ፣ ጎዙ ላይ አንዲት ነገር ቀረች። ቡናማ፣ ሻካራ፣ ከማሽላ ፍሬ የማትበልጥ። መዳፋችን ላይ እየተቀባበልን አየናት። የሀብሩ ልጆች ነን፤ የማሽላ ፍሬ ምን እንደምታህል እናውቃለን። እናታችን መጥታ ስታያት «ይቺ ናት?» አለች። ደግማ «ይቺ ናት?» አለች። ከዚያ አለቀሰች።

ልጅቷ ሐምሌ 2011 ዓ.ም ተወለደች፤ በሐኪም ክትትል፣ ጤነኛ ሆና። ዛሬ ፊደል ቆጥራ ጨርሳ የመድኃኒት ቤት ታፔላ ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች።

ያ ዓመት ባይሆንስ ኖሮ?

አንዳንዴ ሦስታችን ስንገናኝ ይህን ጨዋታ ሳንፈልግ እንጫወታለን። በ2011 ባይሆንስ ኖሮ? በ2013 ነሐሴ ላይ ቢሆንስ?

ያን ጊዜ ጦርነቱ ወልድያ ገባ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ድረስ በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ ቆየች። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ባንክ የለም። በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ተዘርፏል፣ ወድሟል፤ አልጋው፣ መድኃኒቱ፣ የምርመራ መሣሪያው ሄዷል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን በዝቷል። የጠጠር ሕመም መንገድ ይከፈት አይከፈት አይጠይቅም። በእነዚያ ወራትም ያረገዙ ሴቶች ነበሩ፤ ወገባቸውን ይዘው ሌሊቱን የተንጎራደዱ ነበሩ። እነሱን «ቻዪው» ያላቸው ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ ሌላ የሚሰጠው ነገር አልነበረውም።

እኛ ግን ነበረን። ቤታችን አጠገብ ነርስ ነበረች። መንገዱ ክፍት ነበር። አምቡላንስ ነበረ። 30 ኪሎ ሜትር ላይ ሐኪም ነበረ። ሁሉ ነገር እያለን ሦስት ቀን «ቻዪው» አልን። ጽሑፉን የጻፍነው ለዚህ ነው።

የእታለም መልስ

ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ስትገባ ሰፈሩ ሊጠይቃት መጣ። ቡና ተፈላ። ሁሉም አመሰገናት። «ቻይ ናት እኮ! ሦስት ቀን ሙሉ ሳትናገር!» እኛም ተቀበልን፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ምናለ ብትነግሪን?» አልናት። የተማርን አይደለን? ተረት እናውቃለን።

እታለም ሲኒዋን አስቀመጠች። «ማን ደበቀ?» አለች። «ሐሙስ ነግሬያችኋለሁ። ዓርብ ነግሬያችኋለሁ። እኔ ስነግራችሁ እናንተ ሌላ ስም ሰጣችሁት። ብርድ አላችሁት፣ ምጥ አላችሁት፣ ሳምቡሳ አላችሁት። እኔማ ሕመም ነው ያልኩት።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ቡናው ብቻ ሲንተከተክ ይሰማ ነበር።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ እዚህ የደረሳችሁትን አንድ ነገር እንለምናችሁ። ሚስት ያላችሁ፣ እህት ያላችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ያረገዛችሁ፤ ስም ለማውጣት አትቸኩሉ። ወገብ ሁሉ ጠጠር አይደለም፤ አብዛኛው የእርግዝና የወገብ ሕመም አይደለም። ነገር ግን ሕመሙ በአንድ ጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ እየመጣ የሚሄድ፣ የሚያስመልስ፣ አላስቀምጥ አላስተኛ የሚል ከሆነ፣ ሽንት ደም ከቀላቀለ ወይም ካቃጠለ፣ ቀን ሳይቀጠር ጤና ተቋም ይኬዳል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት፣ ሽንት ካነሰ፣ ልጁ መንቀሳቀሱን ከቀነሰ፣ ውሃ ወይም ደም ከፈሰሰ ሌሊት ነው ቀን ነው አይባልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ ለአንድ እርግዝና ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትልና ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ ይመክራል፤ የሽንት ምርመራውንም «ምን ይሠራል» ብላችሁ አትዝለሉት። ሽንት ውስጥ ያለ ኢንፌክሽን ምንም ሳያም ወደ ኩላሊት ሊወጣ ይችላል። ውሃ ይጠጣ፣ ጨው ይቀነስ። «ጠጠር ያመጣል» ብላችሁ ወተት አትከልክሏት፤ ከምግብ የሚገኝ ካልሲየም ጠላቷ አይደለም። መድኃኒት ቤት ከሄዳችሁ ደግሞ ሳትጠየቁ «ነፍሰ ጡር ናት፤ ይህን ያህል ሳምንቷ ነው» በሉ። እኛ ያላልናት አንዲት ዓረፍተ ነገር ይህች ናት።

አሁን ወደ ቤታችን ወሬ እንመለስና እንጨርስ። ከሦስታችን አንዷ፣ ያኔ ወልድያ ተማሪ የነበረችው፣ ዘንድሮ ነፍሰ ጡር ናት። ጠጠር በቤተሰብ ውስጥ ካለ ለዘመድም ዕድሉ እንደሚጨምር ስለሰማች ከአጠገቧ የሃይላንድ ውሃ አይጠፋም። ባለፈው ሰሞን ማታ ላይ አራታችን በስልክ ስናወራ «ዛሬ ወገቤን አሞኛል» አለች። እኛ ሁለቱ ወንዶች አፋችንን ከፈትን። ምን ልንል እንደነበር እግዜርም አላህም ያውቃል።

እታለም ከመርሳ ቀደመችን። «ስንት ሳምንትሽ ነው? ትኩሳት አለሽ? ልጁ ይንቀሳቀሳል? ምን ወሰድሽ?»

«ኧረ እታለም፣ ልብስ ሳጥብ ውዬ ነው!»

«ይሁን» አለች እታለም። «ነገ ግን ታይተሽ ደውዪልኝ።»